ፍሎፒ ዲስክን ቤት ውስጥ መሥራት፦ ቀላል የሚመስለው ነገር ለምን ከባድ ሆነ?

ኮምፒውተር ላይ ጽሑፍ ጽፋችሁ «ሴቭ» ለማድረግ የምትጫኗት ትንሽ አራት ማዕዘን ምልክት አለች አይደል? እሷ የፍሎፒ ዲስክ ሥዕል ናት። ብዙዎቻችሁ ምልክቷን በቀን አሥር ጊዜ ብትጫኗትም ዕቃውን ግን በእጃችሁ ይዛችሁት አታውቁም። አይገርምም፤ ባለ 3.5 ኢንች ፍሎፒን ለዓለም ያስተዋወቀው የጃፓኑ ሶኒ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2011 ሽያጩን አቁሟል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

ታዲያ በቅርብ ዓመታት አንድ ደስ የሚል ጥያቄ ያነሱ ሰዎች ብቅ ብለዋል። «ፋብሪካው ከተዘጋ እኛ ራሳችን ቤት ውስጥ ብንሠራውስ?» የሚል። እነዚህ ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው፣ ጋራዣቸው ውስጥ፣ ለደስታቸው የሚሠሩ ናቸው። ጥያቄው ሲሰማ ቀላል ይመስላል። ፍሎፒ እኮ ያረጀ ቴክኖሎጂ ነው! ከዛሬዎቹ ቺፖች ጋር ሲወዳደር መጫወቻ ነው ማለት ይቻላል። ሲሞከር ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ለምን? እስኪ ዲስኩን ፈተን እንየው።

ውስጡ ምን አለ?

ፍሎፒ ዲስክን ብትከፍቱት የምታገኙት ጥቂት ነገር ነው። ከላይና ከታች ሁለት የፕላስቲክ ክዳኖች አሉ። በትንሽ ስፕሪንግ የሚከፈትና የሚዘጋ የብረት መስኮት አለ። አቧራ የሚጠርጉ ሁለት ስስ ጨርቆች አሉ። መሃል ላይ ደግሞ ትንሽ የብረት እምብርት የተጣበቀበት ጥቁር ቡናማ፣ እንደ ወረቀት የሚተጣጠፍ ክብ ፕላስቲክ ይገኛል። «ፍሎፒ» የሚለው ስም የመጣው ከዚህ መተጣጠፍ ነው።

ክዳኑን፣ ስፕሪንጉንና መስኮቱን ዛሬ ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል። ትንሽ ሲኤንሲ ማሽን ወይም የሥሪዲ ማተሚያ ያለው ሰው በጥቂት ቀን ይጨርሰዋል። እምብርቱንም ከስስ ብረት መቁረጥ ይቻላል። ክቡ ፕላስቲክ የተሠራበት ፊልም ደግሞ ከውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ውፍረቱ የሰው ፀጉር ያህል፣ ወደ 75 ማይክሮሜትር ይሆናል። እሱም ገበያ ላይ ይገኛል።

ችግሩ ያለው በፊልሙ ላይ የተቀባው ቡናማ ሽፋን ላይ ነው። መረጃው የሚቀመጠው እዚያ ሲሆን የተቀረው ሁሉ እሱን ለመጠበቅ የተሠራ ቤት ነው።

እስኪ አብረን እናስላ

ካልኩሌተር አምጡ። ባለ 3.5 ኢንቹ የተለመደው ፍሎፒ በእያንዳንዱ ገጹ 80 ክብ መስመሮች ወይም ትራኮች አሉት። ገጹ 2 ነው። እያንዳንዱ ትራክ 18 ሴክተር በሚባሉ ክፍሎች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ሴክተር 512 ባይት ይይዛል። ስናባዛው፦ 80 × 2 × 18 × 512 = 1,474,560 ባይት። «1.44 ሜጋባይት» እየተባለ የሚጠራው ይህ ነው። ስልካችሁ ያነሳው ባለ 3 ሜጋባይት ፎቶ ሁለት ዲስክ ሞልቶ ይተርፋል ማለት ነው።

ትንሽ ነው ብላችሁ አትሳቁ። ዲስኩ በደቂቃ 300 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 5 ጊዜ ይሽከረከራል። መረጃው የሚጻፈው በሰከንድ 500,000 ቢት ፍጥነት ነው። ስለዚህ በአንድ ዙር 100,000 የቢት ቦታዎች አሉ። ወደ መሃል በጣም የቀረበው ትራክ ዙሪያው 15 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። 15 ሴንቲሜትርን ለ100,000 ስታካፍሉት 1.5 ማይክሮሜትር ታገኛላችሁ። በሌላ አነጋገር፣ በአንዲት ፀጉር ውፍረት ላይ ከ45 በላይ ቢቶች ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። «መጫወቻ» ያልነው ዕቃ ይህን ያህል ጥቃቅን ነገር ይሠራ ነበር!

ይህችን 1.5 ማይክሮሜትር ያዙልኝ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ችግር ሁሉ የሚመጣው ከእሷ ነው።

ዝገት ሁሉ አንድ አይደለም

ቡናማው ሽፋን በአጭሩ የብረት ኦክሳይድ ዱቄትና ሙጫ ነው። «ብረት ኦክሳይድ ማለት ዝገት አይደል እንዴ? ዝገት ደግሞ በየቆርቆሮው ላይ ሞልቷል!» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ግን ብረትና ኦክስጅን የሚዋሃዱበት መንገድ ብዙ ነው። ሄማታይት የሚባለው ቀዩ ዓይነት ማግኔትነቱ በጣም ደካማ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ለቴፕና ለዲስክ የሚሆነው ማግሄማይት የሚባለው ነው። አስገራሚው ነገር የሁለቱ የኬሚካል ቀመር አንድ መሆኑ ነው፤ ሁለቱም ውስጥ ለ2 የብረት አተም 3 የኦክስጅን አተም አለ። የሚለያዩት አተሞቹ በተደረደሩበት መንገድ ብቻ ነው።

ይህም አይበቃም። ዱቄቱ ትክክለኛ «ግትርነት» ሊኖረው ይገባል። ግትርነት ስንል አንዴ ወደ አንድ አቅጣጫ ማግኔት ከሆነ በኋላ አቅጣጫውን ላለመቀየር የሚያሳየው እምቢታ ነው። በጣም ለስላሳ ከሆነ ጎረቤታም ቢቶች እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፤ የጻፋችሁት ነገር ሳይቆይ ይደበዝዛል። በጣም ግትር ከሆነ ደግሞ የዲስክ ማጫወቻው መጻፊያ ሄድ ጉልበቱ አይበቃም፤ ጭራሽ አይጻፍም። ለባለ 1.44 ሜጋባይቱ ዲስክ ተስማሚው ወደ 700 ኧርስቴድ ነው። ኧርስቴድ የማግኔት መስክ መለኪያ ሲሆን፣ ስሙ የተወሰደው በኤሌክትሪክና በማግኔት መካከል ያለውን ግንኙነት በ1820 ካሳየው ዴንማርካዊ ሳይንቲስት ነው።

ፋብሪካዎች ይህን ግትርነት ያገኙት ቅንጣቶቹን እንደ መርፌ ቀጭንና ረጅም አድርገው በማሳደግ፣ በላያቸውም ጥቂት ኮባልት በመጨመር ነው። ከቀለም መሸጫ የሚገዛው ጥቁር የብረት ኦክሳይድ ዱቄት ማግኔት ይስበዋል፣ ግን ለቀለም እንጂ ለማስታወስ የተሠራ አይደለም። ቅንጣቶቹ በአብዛኛው መርፌ ሳይሆኑ እንደ ጠጠር ናቸው፤ ግትርነታቸውም ዝቅ ያለ ነው።

ቀለም መቀባት ነው እንዴ?

እሺ፣ ጥሩ ዱቄት ተገኘ እንበል። አሁን በፊልሙ ላይ እንቀባው። ምን ያህል ውፍረት?

ያቺ 1.5 ማይክሮሜትር እዚህ ትመለሳለች። የአንድ ቢት ርዝመት 1.5 ማይክሮሜትር ከሆነ ሽፋኑ ከዚያ እጅግ ሊወፍር አይችልም። ለምን ቢባል፣ ሄዱ በጥልቀት ያለውን ክፍል በደንብ ስለማይደርስበት አሮጌው መረጃ ከሥር ይቀርና ከአዲሱ ጋር ይደባለቃል። ስለዚህ የፋብሪካው ሽፋን ወደ 1 ማይክሮሜትር ነው። ከቆርቆሮ ላይ የሚረጨው ተራ ቀለም ብዙ ጊዜ ከ25 ማይክሮሜትር በላይ ይሆናል። የአንድ ዲስክ ሁለት ገጽ ሽፋን ተፍቆ ቢሰበሰብ ከአንድ የውሃ ጠብታ ሩብ አይበልጥም! ይህቺን በ86 ሚሊሜትር ክብ ላይ፣ በሁለቱም በኩል፣ እኩል አድርጎ ማዳረስ ነው ሥራው።

ቀጭን ብቻ ሳይሆን ልሙጥም መሆን አለበት። የፍሎፒ ሄድ እንደ ሃርድ ዲስክ ከላይ አይንሳፈፍም፤ ዲስኩን እየነካ ነው የሚሄደው። ሽፋኑ ላይ አንድ የተጓጎለ የዱቄት እብጠት ካለ ሄዱን ወደ ላይ ያነሳዋል። ሄዱ ከሽፋኑ ሲርቅ ምልክቱ በቀስታ አይደለም የሚቀንሰው፤ ገደል ነው የሚገባው። ከጥቃቅኖቹ ቢቶች ላይ 3 ማይክሮሜትር ያህል ብቻ ከተነሳ ምልክቱ ከ500 ጊዜ በላይ ይዳከማል። 3 ማይክሮሜትር ማለት በዓይን የማይታይ አቧራ ነው።

ፋብሪካዎች ይህን እንዴት ተወጡት? ዱቄቱን፣ ሙጫውንና ማሟሟያውን በጥቃቅን ጠንካራ ኳሶች ለብዙ ሰዓት ይፈጩታል፤ ቅንጣቶቹ ማግኔት ስለሆኑ እርስ በርስ መጣበቅ ይወዳሉና መለያየት አለባቸው። ከዚያ ድብልቁን በፍጥነት በሚሮጥ ሰፊ የፊልም ጥቅል ላይ ይቀባሉ። ሲደርቅ በጋሉ ሮለሮች መካከል አሳልፈው ይጫኑታል፣ ልክ ልብስ በካውያ እንደመተኮስ። በመጨረሻ ክቦቹን ይቆርጡና ገጻቸውን ያለሰልሳሉ።

አንዲት ረቂቅ ነጥብ ልጨምር። ለቴፕ ሲሆን መርፌዎቹ ቅንጣቶች ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲሰለፉ ይደረጋል፤ ቴፕ ወደ አንድ አቅጣጫ ነዋ የሚሄደው። ለዲስክ ግን መርፌዎቹ በየአቅጣጫው መበተን አለባቸው። ካልተበተኑ ዲስኩ ሲዞር ምልክቱ አንዴ ይጠነክራል፣ አንዴ ይደክማል። አንድ ሰው ፊልሙ ላይ ቀለሙን ወደ አንድ ጎን እየሳበ ከቀባው ሳያውቀው መርፌዎቹን አሰለፋቸው ማለት ነው።

ማሳሰቢያ፦ በእንዲህ ዓይነት ሥራ ማሟሟያው ብዙ ጊዜ የቲነር ዘመድ ነው። እንፋሎቱ ይመርዛል፣ በቀላሉም እሳት ይይዛል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ የሚሞከር አይደለም።

ታዲያ የተሳካለት አለ?

በ2025 በኢንተርኔት በሰፊው የታየ አንድ ሙከራ አለ። ሠሪው የዲስኩን ቤት ከአሉሚኒየም በማሽን ቀረጸ፣ ፊልሙን በብረት ኦክሳይድ ድብልቅ ቀባ፣ ክቡንም በሌዘር ቆረጠ። ውጤቱ የማግኔት ምልክት የሚቀበል ዲስክ ሆነ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከፋብሪካው ዲስክ ጋር ግን አይወዳደርም። ምልክት መቀበልና ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጋ ባይት ያለ ስህተት መያዝ በጣም ይራራቃሉ።

ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው የሚጠቅመው ዘዴ ወደኋላ መመለስ ነው። ባለ 1.44 ሜጋባይቱ ፍሎፒ በ1987 አካባቢ የተስፋፋ፣ ብዙ ዓመት ሲሻሻል የቆየ ዕቃ ነው። አይቢኤም በ1971 ያወጣው የመጀመሪያው ፍሎፒ ግን 8 ኢንች ስፋት እያለው የሚይዘው ወደ 80 ኪሎባይት ብቻ ነበር። ቢቶቹ ትላልቅ፣ ትራኮቹም ሰፋፊ ነበሩ። ትልቅ ቢት ወፍራም ሽፋንን፣ ትንሽ እብጠትንና ትንሽ አቧራን ይታገሳል። ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው 1987ን ትቶ 1971ን ቢያልም ይሻለዋል።

ሌላም ታሪክ አለ። ማግኔታዊ ቴፕ ራሱ ከትልቅ ፋብሪካ አልተወለደም። ጀርመናዊ ኦስትሪያዊው መሐንዲስ ፍሪትዝ ፍሎይመር በሲጋራ ወረቀት ላይ ብረት ቀለም መሰል ቀለበት የሚታተምበትን ዘዴ ያውቅ ነበር። ከዚያ ተነስቶ በ1928 የብረት ዱቄት በወረቀት ጥብጣብ ላይ አጣብቆ ድምፅ ቀዳበት። ወረቀቱ ቶሎ ይቀደድ ነበር፤ ሐሳቡ ግን ሠራ። ከእሱ ጥብጣብ ተነስቶ እስከ ፍሎፒ ለመድረስ ኬሚስቶችና ማሽን ሠሪዎች ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ደክመዋል። ዛሬ ጋራዥ ውስጥ ያለው ሰው ብቻውን እየተጋፈጠ ያለው ያንን ሁሉ ድካም ነው።

ከፍሎፒ የሚበልጥ ዕድሜ ያለውን ማከማቻ ግን ቤት ውስጥ መሥራት ይቀላል! ኮር የሚባለው ማስታወሻ በ1950ዎቹ የመጣ ሲሆን ከሽቦ ጋር የተሸመኑ ጥቃቅን የማግኔት ቀለበቶች ናቸው። አንድ ቀለበት አንድ ቢት ይይዛል። ዛሬም ቀለበቶቹን ገዝተው 32 ወይም 64 ቢት የሚይዝ ኮር በእጃቸው የሚሸምኑ ብዙ ናቸው፤ ደግሞም ይሠራል። ወደ ጨረቃ የሄደው የአፖሎ ኮምፒውተር ቋሚ ማስታወሻም የኮር ዘመድ ነበር። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ዋልታም በሚገኘው የሬይቲዮን ፋብሪካ ሴት ሠራተኞች ሽቦውን በእጅ አሳልፈው ሸመኑት። የያዘውም ወደ 72 ኪሎባይት ነው፤ ከመጀመሪያው ፍሎፒ ብዙ አያንስም።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በኮር ላይ እያንዳንዱን ቢት ዓይን ያየዋል፣ ጣት ይነካዋል። ስህተት ካለ ያንኑ ሽቦ ትመዛለህ። በፍሎፒ ላይ ግን ቢቱን የሚሠራው ሰው የለም፤ ሰው የሚሠራው ቢት የሚቀመጥበትን ሜዳ ነው። ሜዳው የሚስተካከለው ደግሞ በፍጥነት፣ በሙቀት፣ በመፍጨት ሰዓትና በሙጫ መጠን ነው። የዚህ ዕውቀት አንድ ክፍል ፓተንት ላይ ተጽፏል። ሌላው ክፍል የነበረው ግን ማሽኑን ሲያንቀሳቅሱ በኖሩ ሠራተኞች እጅና ዓይን ውስጥ ነው። ፋብሪካው ሲዘጋ ይሄኛው ክፍል አብሮ ይበተናል።

ለምን ይደክማሉ?

«ፍላሽ እያለ ይሄ ሁሉ ለምን?» ማለት ተገቢ ነው። አንደኛ፣ ፍሎፒ ገና ሙሉ በሙሉ አልሞተም። ቦይንግ 747-400 አውሮፕላን የበረራ መረጃው በየ28 ቀኑ ሲታደስ በፍሎፒ የሚጫንለት ነው። በ1998 የተተከለው የሳን ፍራንሲስኮ የከተማ ባቡር መቆጣጠሪያ ፍሎፒ ይጠቀማል። ጃፓን የመንግሥት ሰነዶችን በፍሎፒ አስገቡ የሚሉ ደንቦቿን የሰረዘችው በ2024 ነው። የድሮ የጥልፍ ማሽኖችና የሙዚቃ መሣሪያዎችም አሉ። እነዚህ ሁሉ የሚኖሩት ከመጋዘን በሚወጣ የቀረ ዕቃ ነው፤ የቀረ ዕቃ ደግሞ ያልቃል።

ሁለተኛውና ለእኔ የሚበልጠው ምክንያት፣ መሥራት የሞከረ ሰው እንዴት እንደሚበላሽም ማወቁ ነው። በአብዛኛው መጀመሪያ የሚያረጀው ማግኔቱ ሳይሆን ሙጫው ነው። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ የተሠሩ አንዳንድ የሪል ቴፖች ሙጫቸው ከአየር እርጥበት እየሳበ ይለጠልጣል፤ ሲጫወቱ ሽፋኑ ሄዱ ላይ እየተላጠ ይቀራል። ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ቴፕ ወደ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ሙቀት ለሰዓታት አድርቀው፣ ለጥቂት ጊዜ ሲያገግምላቸው ፈጥነው ይገለብጡታል። ይህን መላ የወለደው የሙጫውን ኬሚስትሪ ማወቅ ነው።

ይህ ደግሞ እኛንም ይነካል። የካሴት ክር ማለት ያው የብረት ኦክሳይድና የሙጫ ሽፋን ነው። በየቤታችን ቁም ሳጥን ላይ የሠርግ ዘፈን፣ ስብከት፣ መንዙማ፣ ከውጭ አገር ዘመድ በድምፅ የላከው ደብዳቤ በካሴት ተቀምጦ ይገኛል። የእናንተም ቤት ካለ ጊዜ አትስጡት። ከማግኔትና ከስፒከር አርቁት፣ ከእርጥበትና ከፀሐይ ጠብቁት፣ የሚሠራ ቴፕ ሳይጠፋ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡት። ፍሎፒም ከሆነ እንደዚያው።

እናንተም ቢትን በዓይናችሁ እዩ

ፍሎፒ ባትሠሩም ቢትን ማየት ትችላላችሁ። ጊዜው ያለፈበት የኤቲኤም ካርድ ፈልጉ። ከጀርባው ያለው ጥቁር መስመር የፍሎፒ ታላቅ ወንድም ነው፤ ያው የማግኔት ዱቄት በሙጫ ተጣብቆበታል። ከብረታ ብረት ቤት ከሞረድ ሥር የሚረግፈውን የብረት ብናኝ ለምኑና በስስ ጨርቅ ንፉት። የሚያስፈልጋችሁ እንደ ዱቄት የላመው ብቻ ነው። ጥቁሩ መስመር ላይ ነስንሱት፣ ከዚያ ካርዱን በቀስታ መታ መታ አድርጋችሁ ትርፉን አራግፉ። ስትጨርሱ እጃችሁን ታጠቡ፣ ብናኙንም ወደ አፍንጫና ዓይን አታስጠጉ።

መስመሩ ላይ እንደ ባርኮድ የተደረደሩ ቀጫጭን ሰረዞች ካያችሁ የካርዱ ቁጥር ነው የተገለጠላችሁ። በመሃለኛው ትራክ ላይ በአንድ ኢንች 75 ቢት ተጽፏል፤ አንዱ ቢት ወደ 0.34 ሚሊሜትር ይሆናል ማለት ነው። ሰፋ ብለው የሚታዩት ክፍተቶች 0 ናቸው፤ መሃላቸው ላይ ተጨማሪ ሰረዝ ያለባቸው ደግሞ 1። አሁን ይህችን 0.34 ሚሊሜትር በ1.5 ማይክሮሜትር አካፍሏት። 226 ገደማ ትመጣለች። የካርዱን አንድ ቢት ለ226 መሰንጠቅ ነው እንግዲህ የጋራዡ ሰውዬ የገባበት ሥራ።